በኮምፒውተር የመድኃኒት ማጣራት፦ የተገኙትን አጽሞች ብዝኃነት በምን እንለካ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ 100 ንቁ (በዒላማው ፕሮቲን ላይ እንደሚሠሩ የታወቁ) ውህዶች የተቀላቀሉበትን የ10,000 ሞለኪውሎች ስብስብ በዶኪንግ (ሞለኪውሎቹ ከዒላማው ፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚገጥሙ በኮምፒውተር በመገመት) አጣርቼ፣ ከፊተኛው 1 በመቶ ውስጥ 20 ንቁዎችን አገኘሁ። በዕጣ ቢመረጥ 1 ብቻ ይጠበቅ ስለነበር ውጤቱ 20 እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ 17ቱ አንድ ዓይነት አጽም (የሞለኪውሉ ዋና መዋቅር) ያላቸው፣ በጎን ሰንሰለታቸው ብቻ የሚለያዩ ናቸው። ዘዴው አዳዲስ አጽሞችን የማግኘት አቅሙን በትክክል የሚያሳየው የትኛው መለኪያ ነው?

መላሽ 1፦ በቅድሚያ ንቁዎቹን በሙሉ በቤሚስ እና ሙርኮ የ1996 ዘዴ ይመድቧቸው፤ ይህ ዘዴ የጎን ሰንሰለቶችን አስወግዶ ቀለበቶቹንና የሚያገናኟቸውን ክፍሎች ብቻ ያስቀራል። ቀጥሎም ክላርክ እና ዌብስተር-ክላርክ በ2008 እንዳቀረቡት፣ 50 አባላት ካሉት አጽም ለእያንዳንዱ ውህድ የ1/50 ክብደት፣ ብቻውን ለቆመው ደግሞ 1 ሰጥተው የአር-ኦ-ሲ (ROC) ኩርባውን፣ ማለትም በደረጃ ዝርዝሩ ወደ ታች ሲወርዱ የተገኙትን ንቁዎች ድርሻ በስህተት ከተመረጡት ንቁ ያልሆኑ ድርሻ ጋር የሚያነጻጽረውን፣ ያስሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አጽም እኩል ድምፅ ይኖረዋል።

መላሽ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ክብደቱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። ብቻቸውን የቆሙ ውህዶች ከፍተኛ ክብደት ስለሚያገኙ፣ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ወደ ላይ ቢወጡ ኩርባው በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ የስህተት ወሰኑን ሲያሰሉ በዕጣ ደጋግመው መምረጥ ያለብዎት ሞለኪውሎችን ሳይሆን አጽሞችን ነው።

«ስንት አጽም ተገኘ» ብለው ብቻ የሚቆጥሩ ከሆነ ደግሞ፣ ከዕጣ የሚጠበቀውን ለየአጽሙ ማስላት ግድ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ መዘለሉ ያሳስበኛል። ከስብስቡ 1 በመቶው በዕጣ ቢመረጥ፣ 50 አባላት ካሉት አጽም ቢያንስ አንዱ የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የብቸኛው ውህድ ግን 1 በመቶ ብቻ ነው። ትልቁን አጽም ማግኘት ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የዘዴው ብቃት የሚለየው በትናንሾቹ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የቤንዚን (benzene፣ ባለ ስድስት ካርቦን) ቀለበት በፒሪዲን (ከስድስቱ ካርቦኖች አንዱ በናይትሮጅን በተተካበት ቀለበት) ቢተካ እንደ አዲስ አጽም ይቆጠራል?

መላሽ 1፦ በቤሚስ እና ሙርኮ ዘዴ አዎን፣ የተለወጠው አንድ አቶም ብቻ ቢሆንም። ለዚህ ነው አተሞቹን ሁሉ እንደ ካርቦን፣ ትስስሮቹን ሁሉ እንደ ነጠላ በሚቆጥረው ጥቅል አጽምም ደግመው መመደብ ያለብዎት። በሁለቱም አመዳደብ የሚጸና ውጤት ካገኙ ያንን ይዘግቡ፤ ካልጸና ግን ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ።