ጥቆማ፦ መሠረቱ ላልጸና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትኛው የመማሪያ አገልግሎት ይበጃል?

ከመደበኛው ክፍል በተጨማሪ የትኛውን የመማሪያ አገልግሎት ብንጠቀም ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎችም ከመምህራንም ደጋግሞ ይነሣል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያዘጋጀውን ተቋም ዝና ወይም የምስሉን ጥራት በማየት ነው። እኔ አገልግሎቶቹን የማወዳድረው በሌላ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ደካማ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣውን፣ ኢንተርኔት እንደ ልቡ የማያገኘውን፣ እየሠራ የሚማረውን ተማሪ እስከ መጨረሻው ፈተና ይዞት የሚዘልቀው የትኛው ነው የሚለው ነው። የማስተማር ጥራት የሚመዘነው አስቀድሞ የተዘጋጀው ተማሪ በሚያገኘው ውጤት ብቻ ከሆነ፣ ምዘናው የሚነግረን ስለ ማስተማሩ ሳይሆን ስለ ተማሪው አስተዳደግ ነው።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪ በቅድሚያ የምጠቁመው የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ2012 የጀመረውን ኦፕንስታክስን ነው። የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የስታቲስቲክስና የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍቱ በምሁራን የተገመገሙ ናቸው፤ በነፃ ይወርዳሉ፣ አንዴ ከወረዱ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልጉም። ጉድለታቸው አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ብቻ መዘጋጀታቸው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ሒሳቡ የሚያንገዳግደው ተማሪ ደግሞ ነፃ የኢንተርኔት ትምህርትና ልምምድ ወደሚሰጠው ካን አካዳሚ ቢሄድ ይጠቀማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከክፍልፋይና ከአልጀብራ ቢጀምር የሚታዘበው ሰው የለም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ግቢ ያለ የትምህርት ክፍል ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢጭን፣ የካን አካዳሚን ትምህርቶች ጨምሮ ብዙ ይዘት ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቹ ማዳረስ ይችላል።

የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያዎች በነፃ የሚለቅበትን፣ በ2001 ይፋ የሆነውን ኦፕንኮርስዌር ግን የምጠቁመው በዋናነት ለመምህራን ነው። የቤት ሥራዎቹና የፈተና ጥያቄዎቹ አንድ መምህር የራሱን ኮርስ ለማሻሻል የሚመኛቸው ዓይነት ናቸው፤ ሆኖም የተማሪውን ሥራ የሚያርምለትም ሆነ የተሳሳተበትን ቦታ የሚያሳየው ሰው ስለሌለ፣ መሠረቱ ያልጸና ተማሪ ብቻውን ሲገባበት ብዙ ሳይርቅ ግራ ይጋባል።

የዩኒቨርሲቲ ኮርሶችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ኮርሴራና ኢድኤክስ፣ ሁለቱም በ2012 ሲመሠረቱ፣ ምርጥ ትምህርትን ለዓለም ሁሉ እኩል ያዳርሳሉ የሚል ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። ነገር ግን የሃርቫርድና የኤምአይቲ የኢድኤክስ ኮርሶችን መዝገብ የመረመረው በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመን ከተመዘገቡት መካከል ኮርሱን የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኛው ተማሪም ከበለጸጉ አገሮች የመጣ ነበር። ትምህርቱ በራሱ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ጊዜ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የቀድሞ ዝግጅት ላለው ሰው የተመቸ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የምመክረው በተቆረጠ ሰዓት አብረው ለሚያጠኑ ሦስት አራት ጓደኛሞች ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቱን ክፍያ መቋቋም የማይችል ሰውም አስቀድሞ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ይሙላ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የማስቀድመው ሰው ከሰው ጋር የሚያጠናበትን አሠራር ነው። ሳፕልመንታል ኢንስትራክሽን የሚባለው ዘዴ በ1973 በካንሳስ ሲቲ በሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በዲያና ማርቲን ተጀመረ። ዘዴው ደካማ ተማሪዎችን ለይቶ አይጠራም፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ኮርስ ይመርጥና በሩን ለሁሉም ይከፍታል፤ በዚህም «ለሰነፎች ነው» የሚለው ሐፍረት ይቀራል። ኮርሱን ቀደም ብሎ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ እንደገና እየተቀመጠ በየሳምንቱ ጥናቱን ይመራል፤ ገለጻውን አይደግምም፣ ተሳታፊዎቹ ጥያቄውን እርስ በርስ እንዲፈቱት ያደርጋል እንጂ። የሒሳብ መምህሩ ዩሪ ትሪስማንም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በካልኩለስ የሚቸገሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሲከታተል፣ ብዙዎቹ ጠንክረው ቢያጠኑም ብቻቸውን እንደሚያጠኑ፣ ውጤታማ የነበሩት ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች ግን የሠሩትን እየተመሳከሩ እንደሚማሩ አስተዋለ። ከዚያ የመነጨው የቡድን ጥናት ፕሮግራም የሚሰጠው የማካካሻ ልምምድ ሳይሆን ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን ነበር፤ ይህን ለተማሪው የተሰጠ ክብር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

መደበኛውን ክፍል በተመለከተም ማስረጃው ወደዚያው ያመራል። 225 ጥናቶችን ያጠቃለለው የ2014 ትንተና እንዳመለከተው፣ በሳይንስና በሒሳብ ኮርሶች በገለጻ ብቻ ከተማሩት 33.8 በመቶ ሲወድቁ፣ በአሳታፊ ዘዴ፣ ማለትም በክፍል ውስጥ ራሳቸው እየሠሩና እየተወያዩ፣ ከተማሩት የወደቁት 21.8 በመቶ ናቸው። በ2020 የወጣ ተመሳሳይ ትንተና ደግሞ ዘዴው በአነስተኛ ገቢና በአናሳ ብሔረሰብ ተማሪዎችና በሌሎቹ መካከል ያለውን የፈተና ውጤት ልዩነት በ33 በመቶ እንደሚያጠብ አሳይቷል።

አገልግሎት ስትመርጡ በተጠቃሚዎች እርካታ ብቻ አትመሩ። በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአሳታፊው ክፍል የተማሩት የበለጠ ዕውቀት ቢያገኙም፣ የበለጠ ተማርን ብለው የተሰማቸው ግን ለስላሳ ገለጻ ያዳመጡት ነበሩ። እየታገሉ መማር ያደክማል፤ ያ ድካም የመምህሩ ጉድለት ተደርጎ በግምገማ ቅጽ ላይ ይሰፍራል።

ዩኒቨርሲቲዎች በጀታቸውን ሲደለድሉ ከቪዲዮ ስቱዲዮ በፊት የቡድን ጥናትን እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። የጥናት መሪዎቹም ሊከፈላቸው ይገባል፤ ሥራው በበጎ ፈቃድ ብቻ ከሆነ ሊመሩ የሚችሉት ለኑሮ መሥራት የማያስፈልጋቸው ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉና፣ እየሠራ የሚማረው ተማሪ እንደ እሱ ዓይነቱን መሪ ከፊቱ ሳያይ ይመረቃል። የጥናቱ ሰዓትም ከኮርሱ የጊዜ ሰሌዳ ጋር በምዝገባው ቀን ይውጣ፤ ዘግይቶ የሚለጠፍ ሰዓት ከሥራ ፈረቃ ጋር ይጋጫል።