ጅቡ የማይመጣበት ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ፊልሙ ግን ጅብ በጅብ ሆኖ ወጣ። ስሜ ይሰረዝልኝ ልበል?

የጀጎል ልጅ፦

ሰላም ጀማዓ። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምጽፈው ከሀረር ነው። ተወልጄ ያደግኩት በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አስፈሪ ፊልም ጽፌ ሸጥኩ። ባለፈው ወር ድሬዳዋ ሲታይ ከእህቴ ጋር ወርደን ከዚራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሰው ጋር ተጋፍተን አየነው። መጨረሻ ላይ «ደራሲ» ተብሎ ስሜ ሲወጣ እህቴ ደስ ብሏት እጄን ያዝ አደረገችኝ። እኔ እንባዬን እየዋጥኩ ነበር።

የጻፍኩት ይሄ ነው። አንድ ሽማግሌ አለ። ማታ ማታ ከሳንጋ በር ውጪ ጅቦችን በየስማቸው እየጠራ ሥጋ ያበላል። አባቱም እንደዚያው ያደርግ ነበር። አንድ ማታ ይጠራል፣ አይመጡም። በማግስቱም አይመጡም። በሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ አውቆታል፣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ይሄ ለምን እንደሚያስፈራ ለሀረር ሰው አይነገረውም፣ ለሌላችሁ ግን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በየመንገዱ የሚዞረው አጥንት ለመልቀም ብቻ አይደለም። ጂን ይበላል ይባላል። ልጆች ሆነን ሌሊት ድምፁን ስንሰማ አያቴ «ተኙ፣ መጥተዋል» ትለን ነበር። እንቅልፍ የሚወስደን ያኔ ነው። እንግዲህ ጅቡ ካልመጣ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሳይበላ የቀረው ምንድነው? ፊልሜ ይሄ ነበር፣ ሌላ ነገር የለውም።

ስክሪፕቱ 90 ገጽ ነው። ጅብ የሚታየው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሲን የአሹራ ሌሊት ነው። እንደምታውቁት በአሹራ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ለጅቦች ይቀመጣል። ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል፣ ሳይነኩት ከሄዱ ክፉ ነገር አለ ይባላል። የኔ ታሪክ የሚያልቀው ሊነጋጋ ሲል ነው። ገንፎው እንደተቀመጠ አድሯል። ቅቤው ላዩ ላይ ረግቶ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌው ጣቱን ሰዶ ይነካዋል፣ ቀዝቅዟል። እዚያ ላይ ያልቃል።

ፊልሙ ላይ ዓይኑ የቀላ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ጅብ ልጃገረዶችን እያሳደደ ይበላል። ሽማግሌዬን ቡዳ አድርገውታል፣ ሌሊት ሌሊት ራሱ ጅብ ይሆናል። ገንፎው ጭራሽ የለም። ድምፁ ደግሞ የጅብ እንኳ አይደለም፣ ፈረንጅ ፊልም ላይ የምንሰማው የተኩላ ጩኸት ነው። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እንዴት አይስቁ፣ የጅብ ድምፅ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው።

ፕሮዲዩሰሩን ስጠይቀው «ጅብ የሌለበት የጅብ ፊልም ማን ብር ከፍሎ ያያል?» አለኝ። ሲን መቀነሱ፣ ንግግር መቀየሩ ገብቶኛል፣ በጀትም አውቃለሁ። ግን የኛን ጠባቂ አውሬ አድርጎ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። አሁን ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያየኝ «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

ስሜ ከፊልሙ ይሰረዝልኝ ብል ይሻላል? እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አለ? ታሪኩንስ ሌላ ቦታ ልሠራው እችላለሁ፣ ወይስ ሞቶ ቀረ?

ከዚራ ጥላ፦

አቦ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ተኩላው ላይ ያልሽው ልክ ነው፣ አዳራሹ በሳቅ ነው የፈረሰው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅቷ ትሪ ይዛ ለጎረቤት ምግብ ልታደርስ በዚያች ጠባብ መንገድ ስትሄድ ያለው ሲን አለ አይደል? አንድ እጇን ግድግዳው ላይ እያስኬደች ነው። ከኋላዋ ኮቴ ይሰማል። ስትቆም ኮቴውም ይቆማል፣ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቶ። እናቴን ይዣት ነበር የሄድኩት፣ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ቤት ከገባን በኋላ እንኳ የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። ምንም ጅብ የሌለበት ሲን ነው እኮ። ያንቺ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ስለዚህ በኔ በኩል ስምሽን አታሰርዢ። ፊልም የብዙ ሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው፣ አንዳንዴም የሌላው ሰው ለውጥ ከደራሲው ይበልጣል። የአስፈሪ ታሪክ ደራሲው ስቲፈን ኪንግ የጻፈውን «ዘ ሚስት» («ጭጋጉ» ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ2007 ዳይሬክተሩ ፍራንክ ዳራቦንት ፊልም ሲያደርገው መጨረሻውን ለውጦታል፣ ያውም በጣም ከባድ ወደሆነ መጨረሻ። ኪንግ ግን ወዶታል። ሁሌ የሚለውጥ ሰው ያበላሻል ማለት አይደለም። ያንቺን አበላሽተውታል፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም።

ከላይ አገር፦

እኔ ጎንደር ተወልጄ ድሬ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ጅብ ማለት ቡዳ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሀረር መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ሰውየው በአፉ እንጨት ይዞ ጅብ ሲያበላ አይቼ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ የሀረር ልጆች ቆመው ያወራሉ፣ ከቁም ነገርም አልቆጠሩት።

የምለው፣ ፕሮዲዩሰሩ የሚያውቀውን ፍርሃት ነው ያስገባው። ክፋት አይመስለኝም። አንቺ የጻፍሽው ፍርሃት እኔን እንዲይዘኝ መጀመሪያ ጅቡ ሲጠብቅ ማየት አለብኝ። የሚወደድ ነገር ካላየሁ መቅረቱ አያስፈራኝም። አሁን እዚህ የጻፍሽው የአያትሽ ነገር፣ «ተኙ፣ መጥተዋል» ያለችው፣ ስክሪፕቱ ላይ አለ? ወይስ የሀረር ሰው ያውቀዋል ብለሽ ተውሽው?

ድምፅ ቀጂው፦

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም። እኔ ያ ፊልም ላይ ድምፅ የቀዳሁት ልጅ ነኝ። እህቴ፣ አንቺ ቀረጻው ላይ ስላልነበርሽ የማታውቂው ነገር አለ።

ያንቺ ሲን፣ ሽማግሌው ጠርቶ ጠርቶ ጅብ የማይመጣበት፣ ልክ እንደጻፍሽው ሊቀረጽ ነበር። ዳይሬክተሩ ስክሪፕቱን ወዶታል፣ ወላሂ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ተከልን፣ ጀነሬተሩን ድምፁ እንዳይገባብኝ ራቅ አድርገን አቆምነው። ተዋናዩ ቅርጫቱን ይዞ ተቀመጠ። እውነት እንዲመስል ተብሎ ቅርጫቱ ውስጥ እውነተኛ ሥጋ ነበር። መጥራት ጀመረ። በሁለተኛው ጥሪ መጡ። ስድስት ወይ ሰባት ይሆናሉ፣ ከጨለማው ወጥተው መብራቱ ጠርዝ ላይ ቆሙ። ካሜራ ማኑ ካሜራውን አዞረ። እኔ ራሴ ማይኩን ወደነሱ አዞርኩ፣ አልዋሽሽም። ማንም «ቁም» አላለም። አንዷ መጥታ ቅርጫቱን ስታሸት አተነፋፈሷ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ፕሮዲዩሰሩ በማግስቱ ያንን ሾት ሲያይ «ይሄን ይዘን እንዴት ጅብ አይታይም እንላለን?» አለ። ዳይሬክተሩ ሁለት ቀን ተከራከረ፣ ከዚያ ደከመ። የቡዳው ነገር የመጣው ሾቱን የሚሸከም ታሪክ ሲፈለግ ነው። በኮምፒውተር የተሠራው ደግሞ እውነተኞቹ ጅቦች አያስፈሩም ስለተባለ ነው የተጨመረው። እውነት ነው፣ ዝም ብለው ነው የቆሙት። አያስፈሩም።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሻርክ ፊልም «ጆውስ» ሲሠራ ሜካኒካል ሻርኩ ጨው ውሃ ውስጥ እየተበላሸ አስቸገራቸው። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሻርኩን ብዙ ሳያሳይ መሥራት ግድ ሆነበት፣ ፊልሙን አስፈሪ ያደረገውም አንዱ እሱ ነው። እኛ ጋ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መቅረት የነበረበት መጣ፣ እኛም ሰው ነንና ያየነውን መተው አቃተን።

ስለ ተኩላው ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። እኔ የቀዳሁት የጅብ ድምፅ ነበር። የጅብ ጥሪ ከታች ከወፍራሙ ተነስቶ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ የተኩላ ግን ወጥቶ ይንጠለጠልና ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። ከሀረር ውጪ ያለ ተመልካች ላይለየው ይችላል ተብሎ ነው የተቀየረው። ኤዲቲንጉ አዲስ አበባ ነበር፣ እኔ ድሬ ነኝ፣ ያየሁት እንዳንቺው አዳራሽ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን አለኝ። ከቀረጻው በፊት ብቻዬን ጀጎል ውስጥ አንድ ሌሊት ዞሬ 40 ደቂቃ ቀድቻለሁ። ጅብ የለበትም። ከሩቅ ባጃጅ፣ የሆነ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው፣ አንድ ውሻ፣ ከዚያ ውሻውም ዝም ይላል። ፊልሙ ላይ አንድም ሰከንድ አልገባም። ቤቴ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል።

አንጋፋ ብዕር፦

ልጄ፣ እኔ ለመድረክም ለፊልምም የጻፍኩ ሰው ነኝ። የቸኮለ ውሳኔ አትወስኚ።

ስለ መብትሽ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ፈልገሽ አንብቢ። ሥራሽን ብትሸጪም የማይሸጥ መብት አለሽ። ደራሲው እኔ ነኝ ማለት፣ ስሜ አይጠቀስ ማለት፣ ክብርሽን ወይም ስምሽን የሚጎዳ ለውጥ ሲደረግ መቃወም የሞራል መብት ተብሎ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ውልሽን አውጪና እያንዳንዱን አንቀጽ እይው። የሸጥሽው ለአንድ ፊልም ነው ወይስ ታሪኩን በሙሉ? ሬድዮስ? መጽሐፍስ? ሌላ ቦታ ልትሠሪው መቻልሽ እዚያ ላይ ነው ያለው። ውሉን ይዘሽ አንድ ጠበቃ ጋ ቁጭ በይ።

ያንቺ ዓይነት ነገር ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ዊልያም ፒተር ብላቲ «ዘ ኤክሶርሲስት»ን («ሰይጣን አስወጪው» ማለት ነው) ጽፎ በስክሪፕቱ ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ፊልም ላይ እሱ የሚወዳቸው ሲኖች ተቆርጠው ቀርተው ነበር። የተመለሱለት እ.ኤ.አ. በ2000 ፊልሙ እንደገና ሲወጣ ነው። ሦስተኛውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 ራሱ ጽፎ ራሱ ዳይሬክት አደረገው። እዚያም አልቀረለትም። ታሪኩ ላይ ሰይጣን የማስወጣት ሥርዓት አልነበረም፣ ስቱዲዮው ግን በዚህ ስም የሚወጣ ፊልም ያለዚያ አይሆንም ብሎ መጨረሻውን እንደገና አስቀረጸው። ያንቺ ፕሮዲዩሰር «ጅብ የሌለበት የጅብ ፊልም» ያለሽን አስታውሺ፣ ያው ነው። ከ26 ዓመት በኋላ ከተረፉ የቆዩ የቪዲዮ ካሴቶች እየለቀሙ እሱ ወዳሰበው የቀረበ ቅጂ አወጡ። ከካሴቶቹ የተገኘው ክፍል ምስሉ ደብዛዛ ነው። ሰው ግን አየው።

እኔ የተማርኩትን ልንገርሽ። ስክሪፕት ስሰጥ አሁን ከፊት ገጹ ቀጥሎ አንድ ወረቀት አስገባለሁ። «ሌላውን ሁሉ ለውጡ፣ ይሄን ከለወጣችሁ ግን ታሪኩ የኔ አይደለም» ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ያንቺ «ጅቡ ጠባቂ ነው፣ አይመጣም» የምትል ነበረች። ይህችን ውል ላይ ማስገባትም ይቻላል። ቀረጻ ላይ ደግሞ አትጥፊ። ያቺ ሌሊት እዚያ ብትኖሪ «ካሜራውን መልሱ» የሚል አንድ ሰው ይገኝ ነበር።

የጀጎል ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ከላይ አገር፣ አያቴ ስክሪፕቱ ላይ የለችም። ጥያቄህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኛ ቤት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መጻፍ እንዳለበት እንኳ አልታየኝም። ለሀረር ሰው ጽፌ ሀረርን ለማያውቅ ሰው ነው የሰጠሁት። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው፣ አስተካክለዋለሁ።

ከዚራ ጥላ፣ የትሪው ሲን የኔ ነው። አንድ እርምጃ ዘግይቶ የሚለውም ቃል በቃል ስክሪፕቱ ላይ አለ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ።

አባባ፣ ውሉን ዛሬ ከሳጥን አወጣሁት። «ለአንድ ፊልም» ነው የሚለው። ጠበቃ ጋ እሄዳለሁ። ስሜን ለጊዜው እንዳለ ትቼዋለሁ።

ድምፅ ቀጂው፣ በጣም ተናድጄብህ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ስለነዚያ ጅቦች ሳስብ አደርኩ። ሲጠሩ መጡ። ሁሌም እንደሚያደርጉት መጡ። እኔ ብሆንስ ዓይኔን ከነሱ አነሳ ነበር? አላውቅም።

ያንን 40 ደቂቃ ልሰማው እፈልጋለሁ። ታሪኩን ለሬድዮ ድራማ ልጽፈው አስቤያለሁ። በሬድዮ ጅብ አሳዩ የሚል ሰው አይመጣብኝም። አያቴን መጀመሪያ ላይ አስገባታለሁ።

ድምፅ ቀጂው፦

ሃርድ ዲስኩን በሰው አልልክም፣ ራሴ አመጣዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከድሬ እነሳለሁ፣ ደንገጎ ላይ መኪና ካልተጨናነቀ ከመግሪብ በፊት ሸዋ በር እደርሳለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ነው መሰማት ያለበት፣ ሁለት ይዣለሁ። 31ኛው ደቂቃ ላይ አንድ በር ሲከፈት ይሰማል፣ ሲዘጋ ግን አይሰማም። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ፈልጌዋለሁ። መንገዱን አንቺ ታውቂው ይሆናል።