በሲ ሃርሞኒካ ብሉዝ፦ 2ኛው ቀዳዳ ሲሳብ ይታፈናል

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 10 ቀዳዳ ሲ ሃርሞኒካ ይዤ ብሉዝ እየተለማመድኩ ነው። 2ኛው ቀዳዳ ሲነፋ ደህና ነው፣ ሲሳብ ግን ታፍኖ ያቃስታል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን? ሌላው፣ በሲ ባኪንግ ትራክ (አጃቢ ቅጂ) ስጫወት የልጆች መዝሙር ይሆናል እንጂ ብሉዝ ብሉዝ አይልም። ቤንድስ (ኖታን በአፍ ቅርጽ ዝቅ ማድረግ) ከየትኛው ቀዳዳ ይጀመራል?

ክሮስሃርፕ

ወንድሜ፣ አዲስ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሞክር። 3ን ንፋና ወዲያው 2ን ሳብ። ሁለቱም ያው አንድ ጂ ኖታ ስለሆኑ ድምፃቸው እኩል መሆን አለበት። 2 ዝቅ ካለብህ ሳታውቀው ቤንድ እያደረግከው ነው። ቀጥለህ 1፣ 2 እና 3ን አንድ ላይ በቀስታ ሳባቸው፤ ሦስቱም ከጮኹ ሪዱ (በአየር እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጠው ስስ ብረት) ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው አፍህ ጋ ነው። ጀማሪ አንድ ኖታ ለመለየት ሲል ከንፈሩን ያጠብና ምላሱን ወደ ላንቃው ያነሣል፣ አየሩ እዚያ ይታነቃል። መንጋጋህን ጣል፣ እንደሚያዛጋ ሰው ጉሮሮህን ክፈት፣ ሃርሞኒካውን ወደ ከንፈርህ ውስጠኛ እርጥብ ክፍል አስገባው። አየሩን ከሆድህ ሳብ። ጉንጭህ ወደ ውስጥ ከገባ እየጠባህ ነው ማለት ነው፤ የሚፈለገው መተንፈስ ብቻ ነው።

ብሉዝ ያልሆነልህ ደግሞ ኪው (ዘፈኑ የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ) ስለተሳሳተ ነው። በሲ ሃርሞኒካ ብሉዝ የሚጫወቱት በጂ ነው፤ ሁለተኛ ፖዚሽን ወይም ክሮስ ሃርፕ ይሉታል። ከ1 እስከ 4 ስትስብ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይወጣል፣ ሙሉ የጂ ኮርድ (አብረው የሚጮኹ ኖታዎች)። መነሻህም ማረፊያህም 2 ሳብ ይሆናል። በ1ኛው ፖዚሽን፣ ማለትም በሲ ሃርሞኒካ በሲ ስትጫወት፣ ማረፊያህ የሚነፋ ኖታ ነው፤ ከ1 እስከ 6 ባለው ደግሞ በቤንድ የሚወርደው የሚሳበው ብቻ ነው። እንደ ሊትል ዋልተር ያሉ የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋቾች በ1950ዎቹ ቺካጎ የቀረፁትን ስትሰማ አብዛኛው ነገር ሲስቡ የሚወጣ ነው።

በጂ የተሠራ ቀርፋፋ ትራክ ፈልግ፦ 4 ባር ጂ፣ 2 ሲ፣ 2 ጂ፣ 1 ዲ፣ 1 ሲ፣ 2 ጂ። ጂ ላይ 2 ሳብ፣ ሲ ላይ 4 ንፋ፣ ዲ ላይ 4 ሳብ። በሦስት ኖታ ብቻ 12ቱን ባር ሳትጠፋ ዙር፤ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር ዜማ) ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የናስ ሪድ

ቤንድን በ4 ሳብ ጀምር። 3 ላይ በቤንድ የሚወጡ ቢ ፍላት (ከቢ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ኤ እና ኤ ፍላት ስላሉ የትኛው ላይ እንዳለህ አታውቅም። 4 ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ከዲ ወደ ዲ ፍላት። በቤንድ ጊዜ የሚሳበው ሪድ ብቻውን አይሠራም፣ በዚያው ቀዳዳ የሚነፋው ሪድም ይገባበታል፤ ስለዚህ የምትወርደው ከሚነፋው ኖታ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ እስካለው ድረስ ነው። 5 ላይ ኢ እና ኤፍ ጎረቤት ስለሆኑ መሃላቸው ኖታ የለም። እሱን በጉልበት ማስጨነቅ ሪዱን ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም።

4ን እየሳብክ አፍህን «ኢ» በሚባልበት ቅርጽ ያዝ፣ ከዚያ ኖታው ሳይቋረጥ ወደ «ኡ» አዙረው። የምላስህ መሃል ወደ ኋላና ወደ ታች ይሸሻል። ድምፁ ካልወረደ የምላስህን ቦታ ለውጥ፣ ትንፋሽ አትጨምር። በስልክህ ቱነር (የኖታ መለኪያ) ዲ ፍላት ላይ ሲደርስ አይተህ ያዘው፣ ከዚያ ወደ ዲ መልሰው። ቀጥሎ 1፣ ከዚያ 2፣ 3 በመጨረሻ። 3 ላይ ግን ቱነሩን ዝጋው፤ የብሉዙ ሦስተኛ ድምፅ በቢ እና በቢ ፍላት መሃል ስለሚንሸራተት በጆሮ ብቻ ነው የሚገኘው።

ጀማሪው

ሦስቱን አንድ ላይ ስስብ ጥርት ብለው ጮኹ። ባለ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ሃርሞኒካም አለኝ፣ በሱ ቤንድ ይሠራል? ማጽዳትስ በውኃ ነው?

ምላሰኛው

ያ ትሬሞሎ ነው። ሪዶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክፍል ስላላቸው አይተጋገዙም፣ ለብሉዝ ተወው።

ከንፈር በማጥበብ ጀምር፣ ለቤንድ እሱ ይቀላል። ብዙ ሰው ግን እዚያው ይቀራል። የቺካጎው ወፍራም ድምፅ ከምላስ ነው የሚመጣው፦ አራት ቀዳዳ በአፍህ ሸፍን፣ ሦስቱን ከግራ በምላስህ ድፈን፣ የቀኙ ብቻ ይጮሃል። ምላስህን ከፍተህ ስትዘጋ ኮርዱ ከኖታው ጋር ይመታል።

ውኃውን በተመለከተ፣ ማሪን ባንድ እንደሚባለው ሞዴል አካሉ ከእንጨት ከሆነ አታስነካው፣ ያብጣል። ተጫውተህ ስትጨርስ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርገህ መዳፍህ ላይ ነካ ነካ አድርገህ ምራቁን አራግፍ፣ ክፍት ቦታ ላይ ይድረቅ። ቆሎ ወይም ዳቦ በልተህ አፍህን ሳትጉመጠመጥ አትንፋ። አንዲት ፍርፋሪ ሪዱና ቀዳዳው መሃል ከገባች ኖታው ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑን ፈትተህ ሪዱን ከተያዘበት ወደ ጫፉ አቅጣጫ በስስ ወረቀት አውጣት። በተቃራኒው ከገፋህ ሪዱ ይጣመማል።

ትዝታ ሜጀር ካማረህ ደግሞ በዚሁ ሃርሞኒካ በሲ አለልህ፦ 4 ንፋ፣ 4 ሳብ፣ 5 ንፋ፣ 6 ንፋ፣ 6 ሳብ፣ 7 ንፋ። አንድም ቤንድ አይፈልግም። ከዚያ በታች ባለው ኦክታቭ ግን ኤ ስለሌለ 3ን ሁለት ግማሽ ድምፅ ማውረድ የግድ ነው።