ትንንሽ ነገሮችን እንዴት ነው የምትይዟቸው?

ሰላም የወሎ ልጆች። ሰኞ ባቲ ገበያ ነበርኩ፤ ግመሉ፣ አቧራው፣ ሙቀቱ። ማክሰኞ ደሴ ስመለስ ደግሞ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ብርድ ነው፣ እናቴ ቡና ቆልታ ጭሱን በእጇ ወደኔ ገፋ ገፋ አደረገችልኝ። ይቺ እንድትጠፋብኝ አልፈልግም። ፎቶ ላንሳ ወይስ ልጻፍ?

መልስ፦ ጻፊው። ፎቶ ሽታ አይዝም። እኔ ማታ ማታ ሦስት መስመር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ምን አየሁ፣ ምን ሰማሁ፣ ምን ሸተተኝ። በቃ።

መልስ፦ ድምፅም ቅጂ እህቴ። አያቴ የቡናው አወል (የመጀመሪያው ዙር) ሲቀዳ ዱዓ ሲያደርጉ በስልኬ ቀድቻቸው ነበር፤ ዛሬ እሳቸው የሉም፣ ግን የሲኒው ኳኳታና የጎረቤቶቹ «አሚን» ሳይቀር አለኝ።

ጠያቂዋ፦ አላህ ይዘንላቸው ወንድሜ። ዛሬ ቡና ሲፈላ ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣለሁ።