ሳይዘለል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማ አልበም ጠቁሙኝ

ቶሎ_ዘላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሙዚቃ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ግን ባለፈው አንዱ "ሰሞኑን ምን አልበም እየሰማህ ነው?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ለካ እኔ አልበም መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ፕሌይሊስት ከፍቼ መግቢያው ካልጣመኝ በአስር ሰከንድ እዘለዋለሁ፣ ጥሞኝም መሀሉ ላይ ሌላው ይናፍቀኛል። እንደ በሽታ ሆኖብኛል እውነቴን ነው።

እና ከእያንዳንዳችሁ አንድ አልበም እፈልጋለሁ። አንድ! የት አገር ይሁን፣ በምን ቋንቋ ይሁን ግድ የለኝም፣ ዘፈን የሌለበትም ይሁን። ግን በናታችሁ "አሪፍ ነው ስማው" ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ እናንተን የቱ ጋ እንደያዛችሁ ንገሩኝ። የምርጥ ዘፈኖች ስብስብም አይሁን፣ እሱማ ያው ፕሌይሊስት ነው።

ሻፍል_አጥፉ፦
የኔ የማርቪን ጌይ "ዋትስ ጎይንግ ኦን" ነው፣ የ1971 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትደናገሩ)። ታሪኬ ግን ትንሽ ያሳፍራል።

አልበሙን ጓደኛዬ በፍላሽ ነው የሰጠኝ፣ ፋይሎቹ ላይ የትራክ ቁጥር የሚባል ነገር የለም፣ ማጫወቻዬ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደርድሮ ያጫውትልኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ዓመት ሙሉ እንደዛ ሰማሁት። ዘፈኖቹ ልብ ይነካሉ፣ ግን እያንዳንዱ መጨረሻው ላይ ቆረጥ ይላል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ከመሀል እንደተያዘ ወሬ ነው የሚጀምረው፣ በቃ የድሮ ቀረጻ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። ሶስተኛ ላይ የሚመጣልኝ "ኢነር ሲቲ ብሉዝ" ደግሞ ሊያልቅ ሲል ድንገት ሌላ ዜማ ይገባበታል፣ ከየት እንደመጣ አይገባኝም ነበር።

በኋላ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ስሰማው ደነገጥኩ። ቆረጥ የሚለው ለካ ወደሚቀጥለው ዘፈን መሻገሪያው ነው፣ አብዛኞቹ ሳይቋረጡ አንዱ ባንዱ ውስጥ ነው የሚገቡት። ኢነር ሲቲ ብሉዝ ለካ የመጨረሻው ትራክ ነው፣ ያ ከየት መጣ ያልኩት ዜማ ደግሞ የመጀመሪያው ዘፈን ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሰውየው ሰላሳ አምስት ደቂቃ አዙሮ የተነሳበት ቦታ ያደርስሃል፣ እኔ ዓመት ሙሉ መመለሻውን ከመሄጃው በፊት ስሰማ ኖሬያለሁ ሃሃሃ። የሚገርመው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች በፊደል ተራም ቢሆን ተከታትለው ይመጡ ነበር፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ፣ እና ምንም ሳላውቅ "እነዚህ ሁለቱ ግን ይዋደዳሉ" እል ነበር።

ነገሩ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወታደር አገሩን ሲያይ ነው፣ የማርቪን ወንድምም እዛ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ይሄን ይዘህ ስማው። ደግሞ ሻፍል (ተራውን የሚያዘበራርቀውን) አጥፋ፣ ክሮስፌድ የሚባለውንም፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን እላዩ የሚያስገባውን፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አጥፋው፣ ዘፈኖቹን እሱ ራሱ አያይዟቸዋል ማሽን አያስፈልግም።

ግራ_እጅ፦
በአስር ሰከንድ ለሚዘል ሰው መድሀኒቱ መዝለያ የሌለው አልበም ነው። ኪት ጃሬት፣ "ዘ ኮልን ኮንሰርት"። ፒያኖ ብቻ፣ ከስድሳ ደቂቃ በላይ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዛው መድረክ ላይ የተፈጠረ። የመጀመሪያው ትራክ ብቻ 26 ደቂቃ ነው፣ እሱን ከዘለልክ ከአልበሙ ሲሶ በላይ ጣልክ ማለት ነው።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1975፣ ጀርመን፣ ኮሎኝ ኦፔራ ቤት። ጃሬት የጠየቀው ትልቁ ፒያኖ አልቀረበም፣ የቀረበለት ትንሽ የልምምድ ፒያኖ ነው፣ ቀጫጭኑ ድምጽ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ባሱ ደካማ፣ ፔዳሉም በደንብ አይሰራም። ሰውየው ወገቡን ያመዋል፣ እንቅልፍም አላገኘም፣ አልጫወትም ብሎ ሊሄድ ነበር። አዘጋጇ የ18 ዓመት ልጅ ናት፣ እሷ ናት ለምና ያስቀረችው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ገባ፣ የቀረው ታሪክ ነው።

እኔን የያዘኝ ምን መሰለህ፣ ፒያኖው ዳርና ዳሩ ስለማይረባ ሰውየው መሀሉ ላይ ይከርማል፣ ባሱ ስለደከመ ደግሞ ግራ እጁ ያንኑ ነገር እየደጋገመ ይወቅጠዋል፣ ሁለት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምጾች) ይዞ ለደቂቃዎች አይለቅም። መጀመሪያ ስሰማው "ምነው አልንቀሳቀስ አለ" አልኩ፣ ከዛ የሆነ ሰዓት ላይ መጠበቅ ማቆሜን አስተዋልኩ። ሲያቃስት ሲያንጎራጉር ይሰማሃል፣ አንዳንዱ ሰው እሱን አይወድለትም፣ እኔ ያለሱ አልሰማውም።

ሁለት_ነው_ያለኝ፦
አንድ ብሎ ነገር አይገባኝም ይቅርታ።

አንደኛ ጂጂ፣ በስሟ የተጠራው የ2001 አልበም። "ዓባይ"ን ሁላችንም ለብቻው ነው የምንሰማው አይደል? ለብቻው አውጥቶ መስማት በደል ነው፣ ዙሪያውን ካሉት ጋር ነው ክብደቱ የሚመጣው። ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፣ የጃዝ ታላላቆቹ ሄርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮዋ ሳንደርስ አሉበት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲገቡ ብዙ ጊዜ ዘፋኙ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፣ እዚህ ግን ሁሉም እሷን ነው የሚከተሉት፣ የትኛውም ቦታ ላይ ድምጿን ሲሻሙ አትሰማም። በ2003 ላስዌል አልበሙን ፈታቶ "ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ" ብሎ በሌላ መልክ አውጥቶታል፣ ዋናውን ሳትጠግብ እሱን እንዳትነካ።

ሁለተኛ ኃይሉ መርጊያ፣ "ሸሞንሟናዬ"፣ 1985። ዋሊያስ ባንድን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዛው ቀረና ብቻውን ስቱዲዮ ገባ፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን፣ ሁሉም እሱ ነው። ድራም ማሽኑ ደረቅ ነው፣ ምንም አያፈናፍንም፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ እላዩ ላይ እንደልቡ ይንጠራራል። እኔ በሌሊት ብቻ ነው የምሰማው። በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ያወቀው።

ቶሎ_ዘላይ፦
@ሁለት_ነው_ያለኝ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ስለዋናዎቹ ዘፈኖች ሳይሆን ስለደረቁ ድራም ማሽን ስላወራህልኝ ነው።

ሳክስ_ተማሪ፦
ማይልስ ዴቪስን ማንም ሳይጠራው ሊያልፍ ነው እንዴ? "ካይንድ ኦፍ ብሉ"፣ 1959። አምስት ትራክ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ።

ሁሉም የሚለው ስለሆነ አሰልቺ ጥቆማ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለኛ ጆሮ የሚቀል ጃዝ ነው ብዬ ነው። ኮርዱ በየሰከንዱ አይቀያየርም፣ አንድ ስኬል ይዘው ቁጭ ብለው ያወሩበታል። ትዝታና አምባሰል ሲሰማ ላደገ ሰው አንድ ቅኝት ውስጥ ረጋ ብሎ መቆየት አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የማይልስን ትራምፔት ብቻ ተከትለህ ስማው፣ ሌላ ጊዜ የኮልትሬንን ሳክስፎን፣ ከዛ የቢል ኤቫንስን ፒያኖ። ማይልስ ሁለት ኖታ ነፍቶ ዝም ይላል፣ ኮልትሬን ደግሞ ገብቶ የተጠራቀመበትን ሁሉ ያፈሰዋል፣ ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚገባህ።

አንድ ጉድ ላውራችሁ። ሳክስፎን መማር ስጀምር የድሮ ኮፒ ነበረኝ፣ "ሶ ዋት" ላይ አብሬ ልጫወት ስል አልገጥም አለ፣ የኔ ድምጽ ትንሽ ዝቅ ይላል። መሳሪያውን አስተካከልኩ፣ ሸምበቆውን ቀየርኩ፣ ራሴን ተሳደብኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ትራኮች ሲቀርጹ የቴፕ ማሽኑ ዘገም ይል ነበር፣ ስለዚህ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ፈጠን፣ ድምጹም ከፍ ይላል። በ1992 እትም ነው የተስተካከለው። ሰላሳ ምናምን ዓመት ሰው ሁሉ ትንሽ ከፍ ያለውን ሲሰማ ኖረ ማለት ነው።

ጆሮ_ለባለቤቱ፦
@ሳክስ_ተማሪ ካይንድ ኦፍ ብሉን አሁን ሰው ሲያነብ ከበስተኋላ የሚከፍተው ሙዚቃ አድርጎታል እኮ። እውነት ለመናገር እኔም ሁለተኛው ትራክ ላይ ሀሳቤ ይሄዳል።

ሳክስ_ተማሪ፦
@ጆሮ_ለባለቤቱ ሀሳብህ የሚሄደው ድምጹን ዝቅ አድርገህ ስለምትሰማው ነው። ከፍ አድርገውና የፖል ቻምበርስን ቤዝ ብቻ ተከተል፣ ከዛ እንነጋገራለን።

ጸጥታ፦
እኔ የማቀርበው ደንብ ያፈርሳል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛው፣ በ2006 የወጣው። አዎ ስብስብ ነው፣ በተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ናቸው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖ፣ ያው እጅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይቀየር እስትንፋስ። ክላሲካል ነው ስትል ቅኝቱ ወደ ቤት ይጎትተዋል፣ የኛ ነው ስትል ደግሞ ግራ እጇ ቫልስ የመሰለ ነገር ይጀምራል። ሪትሙ እንደ ልብ ነው የሚሄደው፣ ሲያሰኛት ትዘገያለች፣ ሲያሰኛት ትቸኩላለች፣ ቆጥሬ ልከተል ብትል አይሆንልህም። ከኮልን ቀጥሎ ስማው እና የቱ አልበም እንደሆነ የቱ ስብስብ እንደሆነ አንተው ፍረድ።

ሻፍል_አጥፉ፦
@ጸጥታ እዚህ ላይ አልስማማም። ሙዚቃው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ቅደም ተከተሉን አሰባሳቢው ነው የመረጠው እንጂ እሷ አይደለችም። አልበም ማለት ባለቤቱ "ይሄ ከዚህ ቀጥሎ ይምጣ" ሲል ነው።

ጸጥታ፦
@ሻፍል_አጥፉ ዓመት ሙሉ በፊደል ተራ ሰምቶ የወደደ ሰው ነው ይሄን የሚለኝ?

ሻፍል_አጥፉ፦
ተመታሁ።

ቤዝ_አጥባቂ፦
ጊዜ ለሌለው ሰው የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ፣ "ዞምቢ"፣ 1976። ሁለት ዘፈን ብቻ፣ አንዱ በኤ ሳይድ አንዱ በቢ ሳይድ፣ ሁለቱም ተደምረው ሀያ አምስት ደቂቃ። ፌላ አፉን እስኪከፍት ብዙ ትጠብቃለህ፣ እሱ ጥበቃ ነው ዘፈኑ። ሲከፍት ደግሞ ወታደሮቹን ነው የሚሞልጫቸው። ጨርሻለሁ።

ቶሎ_ዘላይ፦
ሳምንት ቆይቼ መጣሁ። ሶስቱን ሰምቻለሁ።

ኮልን ላይ ሰባተኛው ደቂቃ አካባቢ እጄ ሳላዘው ወደ ስልኩ ሄደ፣ ግን የሚቀጥለው ትራክ ብዬ ብጫን ሃያ ደቂቃ ልጥል ነው ብዬ ተውኩት። @ግራ_እጅ አንተ መጠበቅ አቆምኩ ያልክበት ቦታ እኔ ጋ አልመጣም፣ እኔ እስከ መጨረሻው ስጠብቅ ነበር፣ ግን ሲያልቅ ጸጥታው ከበደኝና ሌላ ነገር ሳልከፍት ቁጭ አልኩ። እንደዛ ሆኜ አላውቅም። ዞምቢን ሁለት ጊዜ አከታትዬ ነው የሰማሁት። እማሆይ ለነገ ናት፣ ካይንድ ኦፍ ብሉን ቤዙን ይዤ እሞክረዋለሁ፣ ጂጂ እና ኃይሉም ተራ ይዘዋል።

ማርቪንን ግን መጀመሪያ በትክክለኛው ሰማሁት፣ ከዛ ለጉድ ብዬ በፊደል ተራ ደረደርኩት። @ሻፍል_አጥፉ እውነትህን ነው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ይዋደዳሉ።