ከአደይ እስከ ዲዋሊ፦ ለጥቅምቱ ዝግጅት የምናስገባው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት፣ ደብረ ማርቆስ)

ጸሐፊ፦ እንደምን ከረማችሁ። ንድፉን ደግሜ አየሁት። የዓለም የመፀው በዓላት ብለን 11 በዓል ደርድረናል። በ2 ሰዓት ውስጥ ለአንዱ 11 ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ልጆቹ ስም ብቻ ሸምድደው ይሄዳሉ። ቀንሰን በደንብ እናሳይ እላለሁ። የአዳራሽ ጥያቄው እስከ ዓርብ መግባት አለበት።

የባህል ክፍል፦ እስማማለሁ። ማያያዣ ክርም አለን፤ ቢጫ አበባ። እኛ ዘንድ አደይ ክረምቱ ሲወጣ ይፈነዳል። ሜክሲኮም ዝናቡ ሲያበቃ የሚደምቅ ብርቱካንማ ቢጫ አበባ አለ። በጥቅምት 22 እና 23 ገደማ ሙታናቸውን ሲያስቡ የሟቹን ፎቶ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ዳቦና ሻማ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ። ከደጅ እስከዚያ ድረስ የአበባውን ቅጠል ይበትናሉ፤ ነፍስ መንገዷን እንድታገኝ ነው ይላሉ። ሕንዶች ለብርሃን በዓላቸው ለዲዋሊ ከሸክላ ኩራዝ ጋር በር ላይ የሚያንጠለጥሉት ጉንጉንም የዚሁ አበባ ዘር ነው።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ነፍስ ትመጣለች የሚለውን በሕፃናት ፊት እንደ ሥርዓት አናድርገው። ቤተሰብ ቅር ይለዋል።

የባህል ክፍል፦ እማማ፣ ልክ ነዎት። በሥዕል እናሳያለን እንጂ ጠረጴዛ አንዘረጋም።

ሒሳብ ያዥ፦ ለዳስ በዓል ግን አንድ ነገር እንሥራ። አይሁዶች 7 ቀን በዳስ ይቀመጣሉ። ጣሪያው ቅጠል ነው፤ ማታ ኮከብ እንዲታይበት ሳስቶ ይለበሳል። የእኛ ሰው ዳስ መጣል ይችልበታል፤ ወጪውም ገመድ ብቻ ነው።

ሌላ አባል፦ መውሊድስ? እኛ ቤት ትልቅ በዓል ነው።

ጸሐፊ፦ ትክክል ነው፤ ዘልለነዋል። በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል፤ ለዚህ ነው ወቅት የማይወስነው። ይህን ማስረዳቱ ራሱ ትምህርት ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ይግባ፤ አንተ ብታቀርበው ደስ ይለኛል።

አንጋፋ አባል፦ ቀኑንም አስቡበት። ቅዳሜ ማታ ማኅሌተ ጽጌ አለ። ካህናቱም ምእመኑም ቆመው ያድራሉ።

ጸሐፊ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ የጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ። ጽጌን የሚጾም ስላለ ከቡናው ጋር ቆሎ እንጂ ቅቤ የነካው ዳቦ አይቅረብ። የመጨረሻው ንድፍ እንግዲህ አምስት ነው፦ መስቀል፣ መውሊድ፣ ዳስ፣ ዲዋሊና የሜክሲኮው።

ሒሳብ ያዥ፦ በጥቅምት ወር ውስጥ ስንገፋ አደይ ያልቅብናል፤ ስለዚህ ቀኑ እንዳይሸጋገር አደራ።

ሌላ አባል፦ መውሊዱን እሺ። አደዩንም ለእኔ ተዉት። አያቴ ማሳ ዳር ያለው ገና እንቡጥ አለው። እሑድ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ለቅሜ በባልዲ ውሃ አመጣዋለሁ። ውሃ ካጣ እስከ እኩለ ቀን ይጠወልጋል። ሁለት ባልዲ ያለው ሰው ያውሰኝ።