ለጓሳው ቀረጻ ምን እንግዛ? ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለምንቀርጽበት ጉዞ የመሣሪያ ዝርዝሩ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። እስካሁን የደረሰኝ ጥያቄ አዲስ ካሜራ፣ ድሮንና ትልቅ ሌንስ ነው። ስለ ድምፅ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በሉ ተናገሩ።

የድምፁ ልጅ፦ እኔ አለሁ። አምና የቀረጽነውን በኢርፎን የሰማ አለ? ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ እርስ በርስ ሲያጉተመትሙ ምስሉ ልብ ይሰርቃል፣ ድምፁን ስትከፍቱት ግን ፉፉፉ ብቻ ነው፣ አንድ ሰው ማይኩ ላይ ሻይ የሚያቀዘቅዝ ይመስላል። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሣራማ ሜዳ ነው። ነፋሱን ማን ያስቆመዋል? ስፖንጅማ አያስቆመውም። ማይኩን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ቅርጫትና ላዩ ላይ የሚለበስ ጸጉራም መከላከያ እንግዛ። አዲስ ካሜራ ይቅር።

የመሐል ሜዳው አባል፦ ጸጉራም ነገር ከሆነማ ምን ያስገዛል? የመንዝ በግ አገር ሆነን! አንድ አጎዛ ቆርጠን እንሰፋዋለን።

የድምፁ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሞክሬዋለሁ። ቆዳው ድምፁንም ይዘጋዋል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። የሚሸጠው ጸጉሩ የተተከለው ድምፅ በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ላይ ነው። አጎዛውን ግን ያምጡልን፣ እንተኛበታለን።

ካሜራ፦ ልቤ አዲሱ ካሜራ ላይ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የምንሄደው ለምንድን ነው? እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት ያሳያል። ያንን ነው የምንፈልገው። ጭላዳው ሳይደነብር፣ ቀበሮውም ሳይሸሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከሩቅ መቅረጽ አለብን። ያለን ካሜራ ኤፒኤስሲ፣ ማለትም ሴንሰሩ ከሙሉ ፍሬም አነስ ያለ ስለሆነ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 600 ያቀርብልናል። ሌንሱን ተከራይተን ለጠንካራ ትራይፖድ ገንዘብ እናውጣ። አምና ቀላሏን ትራይፖድ ነፋሱ ሲያንቀጠቅጣት ቀበሮው እስክስታ የሚወርድ ይመስል ነበር። ድንጋይ በፌስታል ሞልተን ሥሯ አንጠለጠልን። ፌስታሉ ደግሞ እየተንኮሻኮሸ ድምፁ ውስጥ ገባ፣ ልጁ እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

ወጣቱ፦ ድሮኑስ?

ካሜራ፦ ተወው። ፈቃዱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ከብቱንም ጭላዳውንም ያስበረግጋል።

ሒሳብ ያዥ፦ ካርድ አትርሱ። 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፣ ባለ 128 ጊጋባይቱ ካርድ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቀበሮ ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም። አራት ካርድና ሁለት ሃርድ ዲስክ ጽፌያለሁ፣ ማታ ማታ ሁለቱም ላይ ይገለበጣል።

የድምፁ ልጅ፦ የድምፅ መቅጃው 32 ቢት ፍሎት፣ ማለትም ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ ሳያበላሽ የሚይዝ ይሁን። ጭላዳ ሲያጉተመትም ቆይቶ ድንገት ወንዱ ይጮሃል፣ በተለመደው መቅጃ ወይ ማጉተምተሙ ይጠፋል ወይ ጩኸቱ ይሰነጠቃል። ዙም ኤፍ3 የሚባለው መቅጃ ይበቃናል፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ደረት ላይ የምትሰካ ማይክ። ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ የጠበቀው የአገሩ ሰው ነው፣ እሱን ነፋስ ከዋጠው ምን ልናሳይ ነው?

የመሐል ሜዳው አባል፦ ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ብርድ የለመዳችሁ ይመስላችኋል። በኅዳር ውርጭ ባትሪያችሁ ጠዋት ግማሽ ሆኖ ነው የሚነሳው። ደረታችሁ ላይ ይዛችሁት እደሩ። ካሜራውንም ከብርድ አምጥታችሁ እሳት ያለበት ቤት ውስጥ አትክፈቱት፣ ሌንሱ ላብ ይላበሳል። ሻንጣው ውስጥ እንደተዘጋ ይሙቅ። የዝናብ ጃኬትም ተዉ፣ ሿ ሿ ሲል ቀበሮው ይሰማችኋል። በርኖስ አበድራለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እንዲህ ጻፍኩት፦ የሚገዛው የነፋስ መከላከያ ከነቅርጫቱ፣ መቅጃው፣ የደረት ማይኳ፣ ትራይፖድ፣ ካርድና ዲስክ፣ ሌንስ በኪራይ፣ አዲስ ካሜራና ድሮን ተሰርዘዋል። የጥብቅ ቦታውን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጋሼ ይጠይቁልናል። የተቃወመ እስከ ቅዳሜ ማታ ይጻፍ።

ሒሳብ ያዥ፦ አጎዛው በየትኛው መደብ ይግባ?

የድምፁ ልጅ፦ በመኝታ።